የትንፋሽ ማጠርና የነርቭ በሽታ ፍርሃት በቃሊቲ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሌሊት የሚታመም ሰው መጀመሪያ የሚያየው «ሐኪም» አጠገቡ የተኛው ታራሚ ነው። የማታው ቆጠራ አልቆ በሩ ከተቆለፈ በኋላ አንዱ ብድግ ብሎ «ኧረ አየር አጠረኝ» ሲል ምርመራው እዚያው ፍራሽ ላይ ይጀመራል። አንደኛው «ብርድ መቶህ ነው» ይለዋል። ሌላው «ሐሳብ አታብዛ፣ ጸልይ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ታሪክ ያመጣል፤ «ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው፤ በኋላ ነርቭ ነው ተባለ፤ እጅና እግሩ ከዳው።» ሲነጋ የሚታወሰው ይኸኛው ነው። በተከታዩ ሌሊት ትንፋሹ ሲያጥር፣ ጣቶቹን ሲደነዝዘው፣ የዓይኑ ቆብ ሲርገበገብ ሰውየው ሁሉንም ከዚያ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል።

ምክንያቱ ያልታወቀ የትንፋሽ ችግር የከባድ ነርቭ በሽታ ምልክት ነው ወይ? መቼ ነው፣ መቼስ አይደለም? ጥያቄው በየቤቱ አለ። እኔ ከቃሊቲ አንጻር የማየው መልሱን ማግኘት ከሁሉ ይልቅ የሚቸግረው እዚያ ያለውን ሰው ስለሆነ ነው። ውጭ ያለ ሰው አንዱ ክሊኒክ ካላረካው ሌላው ጋ ይሄዳል፣ ራጅ ይነሳል፣ ዘመድ ሐኪም ጋ ይደውላል። እስረኛው የሚቀያይረው የሚተኛበትን ጎን ብቻ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ፣ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት፣ ከባድ መኪና በሚመላለስበት አካባቢ ያለ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ነው። ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከዋለ ወዲህ የአገሩ ስመ ጥር እስረኛ አድራሻ ይኸው ሆነ። ከምርጫ 97 በኋላ የቅንጅት መሪዎች፣ ከዚያም ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች እዚህ ከርመዋል። ግቢው በስምንት ዞን የተከፈለ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰባሰቡ ወጣት ጸሐፊዎች ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» አሉ፤ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። ዝነኞቹ ግን ከታራሚው ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው። አብዛኛው በስርቆት፣ በድብድብ፣ በነፍስ ግድያ፣ በደረቅ ቼክ የገባ ሰው ነው፤ ሲታመም መግለጫ የሚያወጣለት የለም።

ከቀላሉ ልጀምር። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቃሊቲ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከቆላ ተይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሲራመድ ቢያለከልክ ሰውነቱ ከስሱ አየር ጋር እየተለማመደ ነው፤ ውሎ አድሮ ይተወዋል። የደም ማነስ፣ አስም፣ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚተርፈውና በአገራችን ወጣቶች ላይ የሚበዛው የልብ ቫልቭ ችግር፣ እነዚህም ሁሉ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫና በአንዲት የደም ምርመራ ፍንጫቸው ይገኛል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን ሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ድርጅቱ እንደሚለውም እስር ቤት ያለ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከውጭው ሰው 10 እጥፍ ያህል ነው። ኔልሰን ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ1988 በፖልስሙር እስር ቤት ሳሉ ቲቢ ተገኝቶባቸው፣ ሳንባቸው ዙሪያ የተጠራቀመው ፈሳሽ ተቀድቶላቸዋል። ይህ ዓይነቱ ቲቢ ብዙ አክታ ሳይኖረው ትንፋሽ ብቻ ሊያሳጥር ስለሚችል በቀላሉ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ይባላል። ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር የትንፋሽ ችግርንና የነርቭ ጉዳትን የሚያገናኝ መንገድ ካለ አንዱ በዚሁ በቲቢ በኩል የሚያልፈው ነው። ከሳንባ ተነስቶ አከርካሪ ላይ ሲቀመጥ እግር ያሽመደምዳል፤ አንጎል ሽፋን ላይ ሲደርስ ይገድላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያሳለው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ልብሱ የሰፋው ታራሚ ላይ ስለ ነርቭም ሆነ ስለ ጭንቀት ከመነጋገር በፊት አክታው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ ውስጥ መግባት አለበት። መሣሪያው ውጤት ለመስጠት ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም።

የአየሩን ነገር መንግሥትም ያውቀዋል። ኮሮና ሲገባ፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ መጨናነቁን ለመቀነስ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ ተደርጓል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው የቂሊንጦ እስር ቤት ቃጠሎ ተነስቶ 23 ሰዎች ሲሞቱ መንግሥት የአብዛኞቹን ሞት ምክንያት መታፈንና መረጋገጥ ነው ብሎ ነበር። በተቆለፈ በር ውስጥ አየር ማጣትን መፍራት ለእስረኛ ቅዠት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ሳንባውም ልቡም ደሙም ታይቶ ምንም ያልተገኘበት ሰው። ይህ ሰው «በረጅሙ ስቤ አልጠግብም» ይላል። ቁጭ ብሎ ሳለ ያዛጋል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይተነፍሳል። ከመጠን በላይ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል። ያኔ የደሙ ጠባይ ይለወጥና የካልሲየም ሥራ ይዛባል፤ የአንጎል ደም ሥሮችም ይጠብባሉ። ውጤቱ የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጣት መውረር፣ የእጅ መኮማተር፣ ራስ ማዞር፣ የጉልበት መክዳት ነው። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ላነበበው የነርቭ በሽታ ይመስላል። ሰውየውም እንደዚያው ያነበዋል፣ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ይበልጥ ይተነፍሳል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የድንጋጤ ሕመምን ያስረዱት በዚሁ መልክ ነው፤ ሰውን የሚጥለው የሰውነቱ ስሜት ሳይሆን ስሜቱን የሞት ምልክት አድርጎ መተርጎሙ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዶናልድ ክላይን በ1993 የጨመሩበት ሐሳብ ደግሞ ለቃሊቲ ይበልጥ ይጠጋል። አንጎል ውስጥ መታፈንን የሚያስጠነቅቅ ደወል አለ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ደወል ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ የሚያስነሳውም በአብዛኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው ይላሉ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተዘግቶ ሲያድር ይህ ጋዝ ይጨምራል፤ ለማፈን የሚበቃ ባይሆንም ክፍሉን ለማክበድና ራስ ለማሳመም ይበቃል። ደወሉ ስስ የሆነ ሰው እዚያ ሲያድር ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። የክላይን ሐሳብ የሚከራከሩበት አሉ፤ እኔ ግን መስኮት መክፈት ለአንዳንዱ ከመድኃኒት እንደሚቀድም ለማመን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠብቅም።

በተቃራኒው ብቻውን የተዘጋበትም አለ። ፖለቲከኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ዳግም ታስረው ቃሊቲ ሲገቡ ለወራት ለብቻቸው ተይዘዋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ ከተከታታይ 15 ቀን በላይ ሰውን ለብቻ መዝጋት ይከለክላል። ለብቻ መዘጋት የደረት መጨነቅና የልብ ምት መፍጠን እንደሚያመጣ ከብዙ አገር እስረኞች ተመዝግቧል። የአእምሮ ሁኔታው በጠቅላላው ምን እንደሚመስል ደግሞ በሰሜን ምዕራብ አማራ ማረሚያ ቤቶች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ያሳያል፤ ከ19 ታራሚዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ከድብርት ጋር እንደሚኖሩ አግኝቷል።

ዱካክን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ሌሊት ዓይን ተገልጦ አካል አልታዘዝ ሲል፣ ደረት ላይ አንዳች ነገር ተቀምጦ ትንፋሽ ሲከለክል፣ ጩኸት ጉሮሮ ላይ ሲቀር፣ በአገራችን «ዱካክ ተጫነኝ» ይባላል። ትንፋሽ ማጣትና ሽባነት በአንድ ቅጽበት ስለሚመጡበት ነርቭ ነው ብሎ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የባሰ ማስረጃ አይኖርም። ነገሩ ግን ይታወቃል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን አስሮ ይይዛል፤ ነቅተን ማሰሪያው ትንሽ ከዘገየ ዱካክ የምንለው ይፈጠራል። ድያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ በዚያን ጊዜም ሥራውን አያቆምም። ጫት ለዓመታት ሲቅም ኖሮ ድንገት ያቆመ ሰው ላይ ዱካክ ይበረታል። እስር ቤት ገብቶ ጫት የተቋረጠበት ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከዱካክ ጋር ሲታገል «ሽባ ልሆን ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሽባ አይሆንም።

እንግዲህ የነርቭ በሽታው ራሱስ? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የነርቭ ጤና መርምረው ነበር። ጎልተው የወጡት የሚጥል በሽታ፣ ፖሊዮ ጥሎት የሄደው ሽባነት፣ የሥጋ ደዌ የሚያመጣው የነርቭ ጉዳትና የመሳሰሉት ናቸው። ሰው ሁሉ ስቴፈን ሆኪንግን እያሰበ የሚፈራው በሽታ፣ የጡንቻ አዛዥ ነርቮችን እየገደለ የሚሄደው፣ በደንብ በተቆጠረበት በአውሮፓ እንኳ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 2 ያህሉን ነው የሚይዘው። ከእነዚያም ውስጥ በትንፋሽ ማጠር የሚጀምርባቸው ከ100 ቢበዛ 3 ናቸው። በሌሎቹ እጅ ወይም እግር ይዝላል፣ ወይም ምላስ ይተሳሰራል፤ ትንፋሹ የሚከተለው በኋላ ነው። የዓይን ቆብ መርገብገብ ብቻውን፣ ጡንቻው ሳይዝል፣ የድካምና የቡና ጉዳይ ነው።

የእኛ አገር ሰው ሽባነትን የሚፈራበት ሌላ ምክንያት አለው፤ ጓያ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደ እኛ አቆጣጠር በደምቢያና በአካባቢው ጓያ በልተው በእግራቸው መቆም ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሮማኒያውያን ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ ያጎሯቸውን አይሁድ እስረኞች ለከብት የሚሆን ጓያ ሲያበሏቸው በመቶዎች የሚቆጠሩት ሽባ ሆነዋል፤ በሽታውን የለየው ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር። ጓያ ግን የሚይዘው እግር ነው፤ ትንፋሽን አይነካም።

ትንፋሽን የሚነኩት ሌሎች ናቸው፤ ጥቂት ቢሆኑም ችላ አይባሉም። እስር ቤት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በምግብ በኩል ነው። አዶልፍ ቮርደርማን የተባለ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጃቫ ደሴት 101 እስር ቤቶችን ቆጥሮ፣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ በሚበላባቸው ቤሪቤሪ እንደሚበዛ አሳየ። ቤሪቤሪ የቫይታሚን ቢ 1 እጥረት ነው፤ የእግር ነርቭን ይጎዳል፣ ልብን አድክሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በአቢጃን እስር ቤት ከ700 በላይ ሰዎችን ይዟል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ደግሞ በ2011 ስምንት እስረኞች ድንች ጨምረው ደብቀው የጠመቁትን ጠጅ መሰል መጠጥ ጠጥተው ቦቱሊዝም በተባለ የምግብ መመረዝ ተመተዋል፤ የዓይናቸው ቆብ ወደቀ፣ አንዱን ሁለት አዩ፣ መዋጥ አቃታቸው፣ ከፊሎቹ በመሣሪያ ተነፈሱ። ጠርሙስ ውስጥ ድብቅ ጥንስስ የሚያስቀምጥ ታራሚ ይህን ቢያውቅ አይከፋም። ጊያን ባሬ የሚባለው አለ፤ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን አንድና ሁለት ሳምንት በኋላ እግርን አድክሞ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከአራት ሕሙማን አንዱን ገደማ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያደርሳል። ማያስቴኒያ ደግሞ ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ማታ ማታ ቆቡን ይጥልበታል፣ ማኘክ ያቅተዋል። እነዚህ ሁለቱ በጊዜ ከተደረሰባቸው መድኃኒት አላቸው።

ሁሉም የሚጋሩት ምልክት አለ። ትንፋሹ ብቻውን አይመጣም። ሰውየው በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፣ ቀና ሲል ይቀለዋል። ሳሉ ጉልበት ያጣል። ድምፁ በአፍንጫ ይሆናል። ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። አንገቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል፣ ወይም ከመቀመጫው ለመነሳት በእጁ ይደገፋል። ጠዋት ራሱን እያመመው ይነቃል። በጭንቀት የሚያጥር ትንፋሽ ግን ብዙ ጊዜ ቁጭ ሲሉ ይመጣል፣ ዳማ ሲጫወቱ ወይም ኳስ ሲያዩ ይረሳል፣ እንቅልፍ ከወሰደ በኋላ በአብዛኛው ይተዋል።

ምንም መሣሪያ የማይፈልግ መፈተሻም አለ፤ የነርቭ ሐኪሞች አልጋ ዳር የሚጠቀሙበት ነው። ሰውየው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ አየር ይሳብ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ በሰከንድ ሁለት ቁጥር ያህል እየጠራ ይቁጠር። ጤነኛ አዋቂ 40ን አልፎ 50 አካባቢ ይደርሳል። የአማርኛው ቁጥር ረዘም ስለሚል ትንሽ ቢያንስ አያስደነግጥም። 20 ሳይሞላ የሚቋረጥበት ሰው ግን፣ ከሳንባም ይሁን ከጡንቻ፣ የዚያኑ ቀን መታየት አለበት። ከሁሉ የሚጠቅመው ዛሬ የተቆጠረውን ከነገው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ትናንት 35፣ ዛሬ 27፣ ነገ 18 ከሆነ ነገሩ ጭንቀት አይደለም። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ታሞኛለች። ጡንቻ ሲደክም ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ስለሆነ «98 ነው፣ ደህና ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ደህና ላይሆን ይችላል። ወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚለው የድሮ ምክርም ቢቀር ይሻላል፤ ችግሩ ሳንባ ከሆነ ይጎዳል።

ይህ ሁሉ እውቀት በቃሊቲ በር እንዴት ይገባል? ከማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ አቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ይባላል። በዚያው ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ጥቁር አንበሳ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ቁጥራቸው ከበፊቱ ተሻሽሏል። በወረቀትና በአልጋው መካከል ግን አጃቢ፣ መኪና፣ ካቴና፣ ቀጠሮና የጥበቃ ኃላፊ ውሳኔ አሉ። «ለመዝናናት ነው ሪፈር የሚፈልገው» የሚለው ጥርጣሬም አለ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ እስረኛም ሰው ነው፣ አንድ ቀን ከተማ ማየት ያምረዋል። የማንዴላ ደንብ ግን የሕክምና ውሳኔ የሐኪም ብቻ እንደሆነና የጥበቃ ሠራተኛ ሊሽረው እንደማይችል ይደነግጋል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ዘግይቶ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለማስታወስ የአገሪቱን ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ማንሳት ይበቃል። የታሰሩት ቃሊቲ አልነበረም፤ ከዓመታት እስር በኋላ በልብ ሕመም ተዳክመው በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ወደ ውጭ ቢወጡም በግንቦት ፊላደልፊያ ላይ አረፉ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በቃሊቲ «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚባለው ትንፋሽ አብዛኛውን ጊዜ ያልተመረመረ ትንፋሽ ነው። ሳይመረምሩ «ጭንቀት ነው» ማለትም፣ ሳይመረምሩ «ነርቭ ነው» ማለትም አንድ ጥፋት ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያውን ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ሁለተኛውን ፍራሽ ላይ የተኛ መናገሩ ብቻ ነው። ጭንቀት ሆኖ ሲገኝም ሕመም ነው፤ ማስረዳት፣ ትንፋሽ ማለማመድና ሲያስፈልግ የአእምሮ ሐኪም ይገባዋል።

ለጥየቃ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ስንቁን ከማቀበላችሁ በፊት ጥቂት ጠይቁት። በጀርባህ መተኛት ትችላለህ? ውኃ ትን ይልሃል? ከመቀመጫህ ስትነሳ እጅህን ትደገፋለህ? ስንት ሳምንት ሳልክ? በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት ትቆጥራለህ? መልሱን ከነቀኑ ጻፉትና ለክሊኒኩ አስገቡ፤ ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር። ከነዚህ ውስጥ የመዋጥ፣ የመተኛት ወይም የመነሳት ችግር ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው ብላችሁ ጠይቁ።